የወደብ ጭነት መኪኖች የአየር ብክለት ቅነሳ

የወደብ ጭነት መኪኖች የአየር ብክለት ቅነሳ ማለት ኮንቴይነር ከባሕር ወደብ ወደ መጋዘን፣ ወደ ባቡር ጣቢያና ወደ ደረቅ ወደብ የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች የሚያወጡትን ጥላሸትና መርዛማ ጋዝ ለመቀነስ የሚወሰድ እርምጃ ነው። በዚህ ረገድ በሰፊው ከሚታወቁት ሙከራዎች አንዱ በካሊፎርኒያ የሚገኙት የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች በ2008 የጀመሩት የንጹሕ መኪና ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 16,000 የሚጠጋ አሮጌ መኪኖችን ከወደቦቹ አስወጥቶ በአዲስ ተካቸው። ጭሱን በመቀነስ በኩል ተሳክቷል። አዲሶቹን መኪኖች ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ ግን ከፍርድ ቤት ወደ አድማ፣ ከአድማ ወደ ሹፌሮች ኪስ ሲዞር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደቦቹና ሰፈሮቹ

ሁለቱ ወደቦች በሳን ፔድሮ ባሕረ ሰላጤ ጎን ለጎን የሚገኙ ሲሆኑ የየራሳቸው ከተማ ንብረት ናቸው። ተወዳዳሪዎች ቢሆኑም በአንድ ላይ ሲቆጠሩ በኮንቴይነር ብዛት ከአሜሪካ ወደቦች ሁሉ ይበልጣሉ። ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከቬትናም ወደ አሜሪካ ከሚገባው ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ ትልቅ ድርሻ የሚራገፈው እዚህ ነው።

የተራገፈው ኮንቴይነር ከፊሉ በባቡር ይሄዳል። ለዚህ ሲባል በ2002 አላሜዳ ኮሪደር የተባለ 32 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ተከፍቷል፤ ግማሽ ያህሉ የተሠራው ከመንገድ በታች በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ስለሆነ ባቡሩ መኪና ሳያቆም ያልፋል። የቀረው ጭነት በመኪና ይወጣል። ዋናው መውጫ 710 ተብሎ የሚጠራው አውራ ጎዳና ሲሆን፣ ከሎንግ ቢች ተነስቶ ወደ ሰሜን በቤቶችና በትምህርት ቤቶች መካከል ያልፋል። በዙሪያው ያሉት ዊልሚንግተን፣ ምዕራብ ሎንግ ቢችና ካርሰን በአብዛኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች፣ በተለይም ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች የሚኖሩባቸው ናቸው። የአካባቢው ተሟጋቾች ይህን መስመር «የናፍጣ የሞት ቀጠና» ብለው ሰይመውታል። ስሙ የተጋነነ ቢመስልም ያለ ምክንያት አልወጣም። የአካባቢው የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2000 ባወጣው ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ ተፋሰስ ከአየር ብክለት ከሚመጣው የካንሰር ስጋት 70 በመቶ ያህሉ ከናፍጣ ጥላሸት የሚመነጭ ሆኖ ተገኝቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት የናፍጣ ጥላሸትን በመርዛማ የአየር በካዮች መዝገብ ያስገባው በ1998 ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ በ2012 የናፍጣን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተራ መድቦታል።

የወደብ መኪና ለምን ይብሳል?

አንድ ከባድ መኪና አዲስ ሲሆን ረጅም መንገድ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ባለቤት ይሸጣል፣ ከዚያም ለሦስተኛ። ሞተሩ ሲደክምና ብልሽቱ ሲበዛ ከከተማ ርቆ መቆም የሚያሰጋው መኪና የሚቀረው አጭር ጉዞ ነው፤ የወደብ ሥራ ደግሞ አጭር ጉዞ ነው። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ወደብ በር ላይ የሚሰለፉት መኪኖች በአሜሪካ መንገዶች ላይ ካሉት ሁሉ እጅግ ያረጁ ነበሩ። ከ1980ዎቹ የቀሩም አልጠፉም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። የወደብ መኪና የሚውለው በሩጫ አይደለም፤ በሰልፍ ነው። ሹፌሩ በሩ ላይ ይጠብቃል፣ ክሬኑን ይጠብቃል፣ ተሳቢ ይፈልጋል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ሜትር ይንፏቀቃል። ሞተር በዚህ ሁኔታ ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። ከዚህም በላይ ጭሱ የሚወጣው ሰው በሚኖርበት ቦታና ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ግራም የወደብ መኪና ጥላሸት በባሕር ላይ ካለ መርከብ ከሚወጣ አንድ ኪሎ ግራም ይልቅ ብዙ ሳንባ ያገኛል። በጠቅላላ መጠን ካየነው መርከቦች ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ፤ የነዋሪው ቅሬታ ግን በመኪና ላይ የበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

ከክስ ወደ ዕቅድ

ወደቦቹ ለውጡን በገዛ ፈቃዳቸው አልጀመሩትም። በ2001 የሳን ፔድሮ ነዋሪዎችና የተፈጥሮ ሀብት ተከላካይ ድርጅቶች የሎስ አንጀለስ ከተማ ለአንድ የቻይና የመርከብ ኩባንያ ሊሠራ ያቀደውን አዲስ ተርሚናል በመቃወም ክስ መሠረቱ። ክርክሩ ከተማው የተርሚናሉን የአካባቢ ተፅዕኖ በአግባቡ ሳያጠና ግንባታ ፈቅዷል የሚል ነበር። በ2002 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደ፣ ግንባታውም ቆመ። በ2003 በተደረሰው ስምምነት ከተማው 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለብክለት ቅነሳና ለአካባቢው ማሻሻያ ለማዋል ተስማማ። ለወደቡ አስተዳደር ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ጎረቤቶቹን ካላስደሰተ አንድም አዲስ ተርሚናል አይሠራም።

በኖቬምበር 2006 የሁለቱ ወደቦች የበላይ ቦርዶች በአንድ ላይ ተቀምጠው የሳን ፔድሮ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የንጹሕ አየር ዕቅድ የተባለውን ሰነድ አጸደቁ። ዕቅዱ መርከብን፣ ባቡርን፣ ክሬንንና ጎታች ጀልባን ሁሉ ይነካል። በፍጥነት የተተገበረው ግን የመኪናው ክፍል ነው።

እገዳው

አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ መኪና በወደብ መዝገብ ይመዘገባል፤ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ መለያውን ያነባል፤ ሞተሩ ከተወሰነው ዘመን በፊት የተሠራ ከሆነ በሩ አይከፈትለትም።

ከኦክቶበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ከ1989 በፊት የተሠሩ መኪኖች ታገዱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ከ1989 እስከ 1993 የተሠሩት፣ እንዲሁም ከ1994 እስከ 2003 ከተሠሩት ማጣሪያ ያልተገጠመላቸው ወጡ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 በኋላ የፌዴራሉን የ2007 የጭስ ደረጃ የማያሟላ ማንኛውም መኪና መግባት አልቻለም።

በዚህ ላይ ገንዘብ ተጨመረ። ከፌብሩዋሪ 2009 ጀምሮ ደረጃውን በማያሟላ መኪና ለሚጫን እያንዳንዱ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 35 ዶላር፣ ለባለ 40 ጫማው 70 ዶላር ይከፈል ነበር። ከፋዩ ሹፌሩ ሳይሆን የጭነቱ ባለቤት ነው። ባለ ጭነቱ ክፍያውን ለማምለጥ ንጹሕ መኪና ይፈልጋል፤ ትራንስፖርት ኩባንያውም ደንበኛ እንዳያጣ ቀነ ገደቡን ሳይጠብቅ መኪናውን ይለውጣል። የሎስ አንጀለስ ወደብ ቀድመው ለለወጡ ኩባንያዎች ለአንድ መኪና 20,000 ዶላር ማበረታቻም ሰጥቷል። የግዛቱ ሕዝብ በ2006 በድምፅ ካጸደቀው የመሠረተ ልማት ቦንድ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ዶላር ከጭነት ማጓጓዝ የሚመጣውን ብክለት ለመቀነስ ተመድቦ ስለነበር ከዚያም ድጋፍ ተገኝቷል።

ማጣሪያው ምን ይሠራል?

የ2007ቱ ደረጃ ሞተር በአንድ የፈረስ ጉልበት ሰዓት ሊያወጣ የሚችለውን ጥላሸት ከ0.10 ግራም ወደ 0.01 ግራም አወረደው። ይህ ሊሆን የቻለው በጭስ ማውጫው መስመር ላይ በሚገጠም የሴራሚክ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው እንደ ማር እንጀራ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። አንዱ ቱቦ በፊት በኩል፣ ጎረቤቱ በኋላ በኩል ተደፍኗል። ጭሱ በገባበት ቱቦ መውጣት ስለማይችል የቱቦውን ግድግዳ ሰርስሮ ወደ ጎረቤት ቱቦ ያልፋል፤ ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። የተጠራቀመው ጥላሸት ደግሞ በሙቀት ይቃጠልና ማጣሪያው ራሱን ያጸዳል።

ይህ እንዲሠራ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ድኙ የተቀነሰ ናፍጣ ነው። ድኝ በማጣሪያው ላይ የተቀባውን ውድ ማዕድን ያበላሻል። አሜሪካ በ2006 ለመንገድ መኪና የሚሸጠውን ናፍጣ የድኝ መጠን ከ500 ወደ 15 የሚሊዮን ክፍል ያወረደችው ለዚህ ነው። ነዳጁ ሳይጸዳ ዘመናዊ ሞተር ማስገባት ትርፉ ማጣሪያ ማቃጠል ብቻ ነው፤ ብዙ አገሮች ይህን የተማሩት ገንዘብ ካወጡ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ረጅም መንገድ የሚሮጥ መኪና ጭሱ ይግላል፣ ማጣሪያውም ያለ ችግር ይጸዳል። በሰልፍ የሚንፏቀቅ የወደብ መኪና ግን ጭሱ ስለማይግል ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ ሹፌሩም መኪናውን አቁሞ በግድ ማቃጠል ወይም ጋራዥ ወስዶ ማስጸዳት አለበት። ከ2010 ወዲህ በተሠሩ ሞተሮች ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ለመቀነስ የተጨመረው ዩሪያ የሚረጭ መሣሪያም እንዲሁ ጭሱ ካልጋለ በደንብ አይሠራም። በሌላ አነጋገር መሣሪያው የሚደክመው በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ውጤቱ

ወደቦቹ በየዓመቱ በሚያወጡት የልቀት ቆጠራ መሠረት፣ በ2012 ከመኪኖች የሚወጣው የናፍጣ ጥላሸት ከፕሮግራሙ በፊት ከነበረው ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። ቆጠራ ግን በስሌት የሚሠራ ነው፤ የመኪናው ብዛት፣ የሚጓዘው ርቀትና የሞተሩ ዘመን ይባዛሉ።

በእውነተኛ ጭስ ላይ የተደረገ ልኬት የመጣው ተመሳሳይ የግዛት ሕግ ከተተገበረበት ከኦክላንድ ወደብ ነው። የበርክሊ ተመራማሪዎች ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ድልድይ ላይ ቱቦ አውርደው በሥር የሚያልፈውን የእያንዳንዱን መኪና ጭስ ለኩ። ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ጥቁር ካርቦን በአማካይ 76 በመቶ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ 53 በመቶ ወርዶ አገኙት። ልኬቱ በኋላ ሲቀጥል ሌላ ነገርም ታየ፤ ቀደም ብለው የተገጠሙ አንዳንድ ማጣሪያዎች እያረጁ ጥላሸት ማሳለፍ ጀምረዋል፣ ጥቂት የተበላሹ መኪኖችም የብዙዎቹን ያህል ያጨሳሉ። የሞተርን ዘመን ብቻ አይቶ በር የሚከፍት ሥርዓት ይህን አያይም።

በሳንባ ላይ ምን ለውጥ መጣ ለሚለው፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎንግ ቢችን ጨምሮ በአምስት ከተሞች ሕፃናትን ለረጅም ዓመታት ሲከታተል ቆይቶ በ2015 ውጤቱን አሳትሟል። በ15 ዓመታቸው የሳንባ አቅማቸው ከሚገባው እጅግ ዝቅ ያለ ልጆች ድርሻ በመጀመሪያው የጥናት ምድብ 7.9 በመቶ የነበረው በመጨረሻው ወደ 3.6 በመቶ ወርዷል። ይህ በክልሉ የተወሰዱ እርምጃዎች ሁሉ ድምር እንጂ የወደብ መኪኖች ብቻ ውጤት አይደለም።

ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?

እስከ 1980 ድረስ በአሜሪካ የጭነት ትራንስፖርት ዋጋና ፈቃድ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር፤ የወደብ ሹፌሮችም በአብዛኛው የሠራተኛ ማኅበር አባልና ደመወዝተኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ቁጥጥሩን የሚያላላ ሕግ ወጣ። ኩባንያዎች መኪና መግዛቱን ትተው ባለ መኪና ሹፌሮችን በጉዞ ሂሳብ ማሠራት ጀመሩ። ሹፌሩ የሚከፈለው ላደረሰው ኮንቴይነር ነው፤ በሰልፍ ለቆመበት ሰዓት አይከፈለውም። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው የእሱ ነው። በጥቂት ሺህ ዶላር የተገዛ አሮጌ መኪና ለዚህ ዓይነት ኑሮ የሚስማማ ነበር። በሌላ አነጋገር ጥላሸቱ የመጣው ከአከፋፈሉ ነው።

የሎስ አንጀለስ ወደብ ይህን ስለተረዳ ከእገዳው ጋር ሌላ ሁኔታ ጨመረ። ወደ ወደቡ መግባት የሚፈልግ ኩባንያ ከወደቡ ጋር ውል ይፈርማል፣ ሹፌሮቹንም ደረጃ በደረጃ ቀጥሮ በ2013 ሁሉንም ደመወዝተኛ ያደርጋል። ሐሳቡ 100,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣውን መኪና ኩባንያው እንዲገዛና እንዲጠግን ነበር። ሎንግ ቢች ይህን ሁኔታ አልተቀበለውም። የአሜሪካ የጭነት መኪና ማኅበራት ፌዴሬሽን በጁላይ 2008 ክስ አቀረበ። መሠረቱ በ1994 የወጣው፣ ከተሞችና ግዛቶች በጭነት ማጓጓዝ ዋጋ፣ መስመርና አገልግሎት ላይ ሕግ እንዳያወጡ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ነው። በ2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሹፌሮችን የመቅጠር ግዴታውን ሻረ። በ2013 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት በሰጠው ውሳኔ መኪኖች የስልክ ቁጥር ያለበት ጽሑፍ እንዲለጥፉና ኩባንያዎች የማቆሚያ ቦታ ዕቅድ እንዲያቀርቡ የሚሉትን ሁለት ግዴታዎች ውድቅ አደረገ። አሮጌ መኪና የማገዱ ሕግ ግን አልተነካም።

ስለዚህ ከፕሮግራሙ ሁለት ግማሾች አንዱ ብቻ ቀረ። አዲስ መኪና ግዴታ ሆነ፣ ቅጥር ግዴታ አልሆነም። ብዙ ኩባንያዎች መኪኖቹን በስማቸው ገዝተው ለሹፌሮች በኪራይ ሰጡ፤ ኪራዩን፣ ነዳጁንና ኢንሹራንሱን ከሳምንታዊ ሂሳብ ይቆርጣሉ። ሹፌሩ ከታመመ ወይም ከተባረረ መኪናውም እስከዚያ የከፈለውም ይቀራል። በ2017 ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ባወጣው ምርመራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው ከተቆራጩ በኋላ ጥቂት ዶላር ወይም ባዶ እጃቸውን የቀሩ፣ አንዳንዴም ለኩባንያው ዕዳ ውስጥ የገቡ ሹፌሮች ታሪክ በሰነድ ቀርቧል። የካሊፎርኒያ የሥራ ኮሚሽነር በመቶዎች በሚቆጠሩ አቤቱታዎች ላይ ሹፌሮቹ በእውነቱ ተቀጣሪ እንደነበሩ ወስኗል።

በኦክላንድ የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ለማንም አስተዋይ ሰው ግን የሚከነክን ነው። በ2010 የግዛቱ ቀነ ገደብ እንዳያልፋቸው ብለው ብዙ ሹፌሮች በ20,000 ዶላር አካባቢ ማጣሪያ አስገጠሙ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ሕጉ የ2007 ሞተር ስለሚጠይቅ እነዚያው መኪኖች ከነማጣሪያቸው ከወደብ ተባረሩ። የኦክላንድ ሹፌሮች በ2013 ደጋግመው ሥራ ያቆሙት ሕጉን ስለናቁ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ስለከፈሉ ነው።

ሹፌሮች ሁሉ መቀጠርን ይፈልጋሉ ማለት ግን አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2019 ተቀጣሪን ከኮንትራክተር የሚለይ ጥብቅ ሕግ አውጥታ፣ ከሕግ ክርክር በኋላ በ2022 በጭነት መኪናዎች ላይ መተግበር ሲጀምር፣ በጁላይ ወር የኦክላንድን ወደብ በር ለቀናት የዘጉት ራሳቸው ባለ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ይህን ለደመወዝ መለወጥ ብዙዎች አልወደዱትም።

ሲያትልና ጅቡቲ

በሲያትል ወደብ የሚሠሩት ሹፌሮች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የሄዱ ናቸው። በ2012 ጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የእነሱ ባልሆነ የተበላሸ ተሳቢና ከልክ በላይ በተጫነ ኮንቴይነር ምክንያት ቅጣቱ በእነሱ ላይ መድረሱ ነበር። የሲያትልና የታኮማ ወደቦች የ2007 ሞተርን ግዴታ ለማድረግ የያዙት ቀን የ2018 መጀመሪያ ቢሆንም፣ መኪናቸውን ለመለወጥ አቅም ያነሳቸው ሹፌሮች ብዙ ስለነበሩ ቀኑ ተገፍቶ በ2019 መጀመሪያ ተፈጻሚ ሆኗል።

ኢትዮጵያ ከውጭ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ የጉዳዩ ቅርጽ ግን ከሎስ አንጀለሱ የተለየ ነው። በጋላፊ አድርጎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣው መኪና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በረሃና ዳገት ያቋርጣል እንጂ በከተማ ውስጥ ሲመላለስ አይውልም። ስለዚህ እዚህ ትልቁ የብክለት ቅነሳ መሣሪያ ባቡሩ ነው። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ከውኃ በሚገኝ ኃይል ስለሆነ፣ ከመኪና ወደ ባቡር የሚዛወር እያንዳንዱ ኮንቴይነር የረጅም መንገድ ናፍጣ ያስቀራል። ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋዘን ያለው የመጨረሻው አጭር ጉዞ ግን ዞሮ ዞሮ በመኪና ነው፤ ለዚህ ክፍል የሎስ አንጀለሱ ልምድ በቀጥታ ይሠራል።

ከናፍጣ በኋላ

በጁን 2017 የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ከንቲባዎች በ2035 ወደ ወደቦቹ የሚገቡ መኪኖች ሁሉ ምንም ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ በጋራ ግብ አስቀመጡ። የወደብ ሥራ ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቻል፤ ጉዞው አጭር ነው፣ መኪናው ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፣ በሰልፍ ሲቆምም ባትሪው ብዙ አይበላም። ችግሩ ዋጋው ከናፍጣው ከእጥፍ በላይ መሆኑ፣ የባትሪው ክብደት ከጭነቱ ላይ መቀነሱና የኃይል መሙያ ጣቢያ በበቂ አለመኖሩ ነው። ሹፌሮች በፈረቃ ቀንና ሌሊት የሚነዱት መኪና ደግሞ ለመሙላት የሚቆምበት ሰዓት የለውም።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ ወደቦቹ ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ በመኪና ከሚወጣና ከሚገባ ጭነት ላይ ለባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 10 ዶላር ያስከፍላሉ። ጭስ በማያወጣ መኪና የተጫነ ከክፍያው ነጻ ይሆናል። ክፍያው ከ2009ኙ 35 ዶላር ያነሰ ስለሆነ የአካባቢ ተሟጋቾች ማንንም አያስገድድም ብለው ተቃውመውታል፤ የቀድሞው ክፍያ ባለ ጭነቱን እንዴት እንዳነቃነቀ ለሚያስታውስ ተቃውሟቸው ሚዛን ይደፋል። የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድም በኤፕሪል 2023 ባጸደቀው ደንብ፣ ከ2024 ጀምሮ ለወደብ ሥራ አዲስ የሚመዘገብ መኪና ሁሉ ጭስ የማያወጣ እንዲሆን አዘዘ። ደንቡ ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ ግን የፌዴራል መንግሥት ፈቃድ ይፈልግ ነበር። በጃንዋሪ 2025 አዲሱ የፌዴራል አስተዳደር ሥልጣን ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቦርዱ የፈቃድ ጥያቄውን ራሱ አነሳ። የወደቦቹ የ2035 ግብና የ10 ዶላሩ ክፍያ አልተሻሩም።